ከሚኤሶ የጠፉት አሥራ ስምንት ቀናት

ኦቦ አብዱናስር «ቦቴው የት ደረሰ?» ብለው የደወሉልኝ ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ነው። እኔ ጭሮ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ በተከራየነው ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ገምጋሚዎች የሚቀርበውን የውሃ ካርታ እያሳመርኩ ነበር።

«የምን ቦቴ፣ ኦቦ አብዱናስር?»

«የውሃ ነዋ! በየቀኑ እየላክሁ አይደለም እንዴ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ‹ደርቋል፣ ደርቋል› እያልኩ?»

ካርታውን አየሁት። ሚኤሶ አረንጓዴ ናት።

«ይቆዩኝ፣ አሁን አየዋለሁ። መልሼ እደውላለሁ» አልኳቸው።

«እዪው፣ ኢንተላ ቲያ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፣ በኦሮምኛ። «አንቺ ካየሽው ይመጣል።»

ኦቦ አብዱናስር ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ በወጣትነታቸው በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት የነበሩ ሰው ናቸው። ከጭነት ላይ ወድቀው ቀኝ እግራቸውን ካነከሱ በኋላ ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ተመለሱ። ቀበሌው ከሚኤሶ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። አማርኛቸውን የለመዱት ከሾፌሮች ስለሆነ ምርቃቱም ስድቡም አያንሳቸውም። ድርጅታችን የውሃ ቦታ ተመልካቾችን ሲመለምል የቀበሌው ሰው «እሳቸው ይሁኑልን» ብሎ መረጣቸው። ሥራቸው በየጠዋቱ ኩሬውና የእጅ ፓምፑ ዘንድ ሄደው በታብሌት የሚቀርቡላቸውን ጥያቄዎች መመለስ ነበር። ውሃው ስንት ክንድ ነው? ስንት ሰው ቀዳ? ስንት ከብት ጠጣ? አስተያየት አለ?

ጥያቄዎቹን የሚያቀርበውንና መልሶቹን የሚቀበለውን ሶፍትዌር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፌኔት እባላለሁ። የተወለድኩት እዚሁ ጭሮ ነው፤ እናቴ እስካሁን አሰበ ተፈሪ ነው የምትላት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የ2007 ክረምት ሳይዘንብ ሲቀርና ይህ የእርዳታ ድርጅት በሶፍትዌር የሚያግዘው ሰው ሲፈልግ ግን ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ስለ እኔ ምስክርነት ሰጠች። «ልጄ ለተጠማ ውሃ የሚያደርስ ሥራ አገኘች» ብላ።

አሠራሩን ባጭሩ ካልነገርኳችሁ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ተመልካቹ ጥያቄዎቹን ሲጨርስ ታብሌቱ መልሶቹን አንድ ላይ ያሽጋቸዋል። በሙያችን ሲሪያላይዜሽን ይባላል፤ የቤት ዕቃን ፈታቶ በጆንያ እንደ መቋጠር ነው። ጆንያው በስልክ ኔትወርክ አዲስ አበባ ወዳሉት ሰርቨሮቻችን ይሄድና ወረፋ ይይዛል። አምስት ማሽኖች ከወረፋው እየተካፈሉ ያነሳሉ፣ ይፈታሉ፣ ይደምራሉ፣ ካርታውን ቀለም ይቀባሉ። አረንጓዴ ውሃ አለ ነው፣ ቢጫ እያለቀ ነው፣ ቀይ አልቋል ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት አለቃችን አቶ ቶሌሳ ካርታውን አይተው ያሉንን ስድስት የኪራይ ቦቴዎች ይደለድላሉ።

እያንዳንዱ ጆንያ አፉ ላይ ማኅተም አለው። ማኅተሙን የሚያወጣው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፣ ከቅጹ ቅርጽ። ቅጹ ላይ አንዲት ጥያቄ ከተጨመረች ማኅተሙ ሌላ ይሆናል። የሚፈታው ማሽን ደግሞ የሚያውቀውን ማኅተም ካላየ አይፈታም።

ኅዳር 20 ቀን አንዲት ጥያቄ ጨመርኩ። «የሞተ ከብት አለ? ስንት?» የምትል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ታዝዤ ነው። የበደሳና የመሰላ ተመልካቾች ያን ሰሞን ለሥልጠና ጭሮ መጥተው ስለነበር ታብሌቶቻቸውን አንድ በአንድ በእጄ አደስኩላቸው። የሚኤሶዎቹ አሥራ አንድ ሰዎች ግን መንገድ ተዘግቶ አልመጡም። «ምንም አይደል፣ የድሮውም ይሠራል፣ ቀስ ብዬ አድስላቸዋለሁ» አልኩ። ይሠራል ብዬ አመንኩ እንጂ አልሞከርኩትም።

የኦቦ አብዱናስርን ስልክ እንደዘጋሁ የማሽኖቹን መዝገብ ከፈትኩ። ማሽኖቹ የሠሩትን ሁሉ መስመር በመስመር የሚጽፉበት ነው፤ ነገር ካልተበላሸ በቀር ማንም አያነበውም። «ማኅተሙ አይገጥምም፤ ታልፏል» ይላል። ከሥሩም «ማኅተሙ አይገጥምም፤ ታልፏል» ይላል። ጣቴ እስኪደክም ወደታች ወረድኩ፤ ከኅዳር 20 ጀምሮ በየጠዋቱ ያው ነው።

«ታልፏል» የምታሰኘውን ትእዛዝ የጻፍኳት እኔ ነኝ። መስከረም ላይ ስንሞክር አንድ የተበላሸ መልእክት ወረፋው ላይ ተቀርቅሮ፣ ማሽኖቹ እሱን ለመፍታት ሲታገሉ ከኋላው ያለው ሁሉ አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ነበር። ስለዚህ «ካልተፈታ ዝለለውና ቀጥል» የምትል ሦስት መስመር ጨመርኩ። አዲስ አበባ ሰርቨሮቹን የሚጠብቀው ኢያኤል አይቶ «ጎበዝ» ብሎኝም ነበር። የአንድ ወረዳ ሰው ሁሉ ይዘለላል ብሎ ያሰበ የለም፣ እኔም እሱም።

ካርታው ደግሞ አዲስ ነገር ካልደረሰው የመጨረሻውን ቀለም ይዞ ይቆያል። ሚኤሶ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀባችው ኅዳር 19 ነው። ያን ሰሞን ሁለት ቀን ካፊያ ጥሎ ኩሬው ላይ ትንሽ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ሰኞ አልፏል። አቶ ቶሌሳ አራቱንም ሰኞ ለሚኤሶ አንድ ቦቴ አልላኩም፤ ውሃ አላት ብለው።

ከዚህ የባሰውም ነገር ነበር። ታብሌቱ «ተልኳል» ካለ በኋላ ቦታ እንዳይሞላበት መልእክቱን ከራሱ ላይ ያጠፋዋል። ወረፋው ደግሞ ማንኛውንም መልእክት የሚያቆየው ሰባት ቀን ብቻ ነው። የወረቀት መዝገቡን በጥቅምት «ከእንግዲህ አያስፈልጋችሁም» ብዬ የሰበሰብኩት እኔው ነኝ። ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ አራት የተላከው ሁሉ የትም የለም ማለት ነው። የቀረውም ቀን በመጣ ቁጥር ከጭራው አንድ አንድ ቀን ይቆረጣል።

ወደ አቶ ቶሌሳ ክፍል ገባሁ። አቶ ቶሌሳ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ስንት ቀን?»

«ሃያ ሁለት ቀን።»

«ዛሬ ቦቴ ልላክ ብልስ ከየት አመጣለሁ? ትናንት ነው የደለደልኩት። ሦስቱ መሰላ ናቸው፣ ሁለቱ በደሳ፣ አንዱ ተበላሽቶ ቆሟል።»

«ከመሰላ አንዱን ቢያዞሩት?»

«መሰላ ቀይ ናት፣ ፌኔት። ሚኤሶ በካርታው አረንጓዴ ናት። ከቀይ ነጥቄ ለአረንጓዴ ስጥ ነው የምትዪኝ? ገምጋሚ በሚመጣበት ሳምንት?»

«ካርታው ተሳስቷል፣ አቶ ቶሌሳ። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«አምንሻለሁ» አሉ። «የመሰላም ሰው ግን ውሃ የለውም።»

ያም ሆኖ ስልክ አነሱ። አንዱን የቦቴ ሾፌር ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ የመሰላን ዳገት እየወጣ ስለነበር ኔትወርክ አልነበረውም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወሉ። ድልድሉ በካርታው መሠረት የተፈረመ ስለሆነ የሚለወጠው በካርታው ብቻ ነው ተባሉ። ስልኩን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ ወደ መናኸሪያው ሲያዩ ቆዩ።

«ካርታውን አስተካክይው» አሉኝ በመጨረሻ። «ካርታው ቀይ ይሁን፣ ሰኞ እኔ እልካለሁ።»

ወጥቼ ለኢያኤል ደወልኩ። ማስተካከያው በእጄ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ማሽኖቹ የድሮውን ማኅተም እንዲቀበሉና የጎደለችውን ጥያቄ በባዶ እንዲያልፏት የምታደርግ ትንሽ ነገር ናት።

«ፌኒ፣ ሰርቨሮቹ ታስረዋል» አለኝ። «ግምገማው እስከሚያልቅ ምንም ኮድ አይነካም። እስከ ታኅሣሥ ሃያ አራት። በደብዳቤ ነው የመጣው።»

«ሰው ውሃ አጥቷል፣ ኢያኤል!»

«ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር አስቢ። ማሽኖቹ እስካሁን የደመሩትን የሚያስቀምጡት እንዴት ነው? እሱም ታሽጎ ነው አይደል? በአዲሱ ማኅተም። ይቺን ትንሽ ነገርሽን ጭኜ ባስነሳቸው የሚኤሶን ይፈቱ ይሆናል፤ የበደሳንና የመሰላን ድምር ግን፣ ማኅተሙ እንደገና ስለሚለወጥ፣ መልሰው መክፈት አይችሉም። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ካርታው በሙሉ ባዶ ይሆናል።»

ልክ ነበር። አንዱን ስከፍት ሌላው ይዘጋል። ሁለቱንም የሚከፍት ነገር መጻፍ ይቻላል፣ ግን መጻፍና መሞከር ቀናት ይፈልጋል። ሳይሞከር መጫን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በዚያው ጠዋት አይቼዋለሁ።

«የወረፋውን ዕድሜስ አርዝምልኝ» አልኩት። «ሰባቱን ቀን ሠላሳ አድርገው። የቀረው እንዳይጠፋ።»

«እሱም ሰርቨሩን መንካት ነው። እጠይቃለሁ። ቃል ግን አልገባልሽም።»

ለኦቦ አብዱናስር መልሼ ደወልኩ። ምን ብዬ እንደማስረዳቸው አላወቅሁም። «መልእክቶቹ ሳይከፈቱ ቀርተዋል» አልኩ።

«ደርሰዋል?»

«ደርሰዋል።»

«ደርሰው ነው ያልተከፈቱት?»

«አዎ።»

«ደብዳቤ ደርሶት ያልከፈተ ሰው ታሟል ማለት ነው ወይ ጠልቶሃል ማለት ነው» አሉ። «እናንተ የትኛው ናችሁ?»

ያን ጊዜ የያዝኩት ሐሳብ ቁጥሮቹን በስልክ እየተቀበልኩ በራሴ ታብሌት ማስገባት ነበር። አልሆነም። ታብሌቱ የቆመበትን ቦታ ራሱ አውቆ ይመዘግባል። እኔ ጭሮ ሆኜ ያስገባሁት ሁሉ የጭሮ ውሃ ሆኖ ተቆጠረ። ያንንም ማንም በሐሰት እንዳይሞላ ብዬ የሠራሁት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቁልቁለቱን እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ ከታች ይቀበለናል፤ የለበስኩትን ሹራብ ግማሽ መንገድ ላይ አወለቅሁት። ሚኤሶ ከተማ ውስጥ ከባድ መኪናዎች እንደወትሮው ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ሆቴሎቹ በር ላይ የታሸገ ውሃ በካርቶን ተቆልሏል። ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። ባለ ሃያ ሊትር ሁለት ጀሪካን ውሃ ገዝቼ በሞተር ብስክሌት ከኋላዬ አሰርኩና ወደ ቀበሌው ሄድኩ። ስደርስ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደያዝኩ ገባኝ። ዋርካው ሥር ከሃምሳ የማያንስ ሰው ተቀምጧል። የተሽቀዳደመ የለም። ኦቦ አብዱናስር እያነከሱ መጥተው ሰላም አሉኝ፣ ጀሪካኖቹን ተቀበሉኝና በአንድ የቆርቆሮ ኩባያ ለእያንዳንዱ ሰው መቅዳት ጀመሩ።

ዙህራ የምትባል ሴት ተራዋ ሲደርስ ግማሽ ኩባያውን ጠጣችና የቀረውን ይዛ ወደ አህያዋ ሄደች። የአህያውን አፍ ከፍታ አንጠባጠበችለት።

«አንቺ ጠጪው እንጂ» አልኳት በኦሮምኛ።

«እሱ ካልቆመ ውሃ ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። ውሃ የምትቀዳው ከሚኤሶ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሄዳ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፋ፣ ሁለት ሰዓት ተመልሳ።

ኩሬውን አየሁት። መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ሆኗል። ከወዲያ ማዶ ሁለት ላሞች ተጋድመዋል፤ በሕይወት መኖራቸውን ያወቅሁት የአንዷ ጆሮ ሲንቀሳቀስ ነው።

የኦቦ አብዱናስርን ታብሌት አደስኩ። አሥር ደቂቃ ፈጀ። ሃያ ሦስት ቀን የሸፈነ ነገር አሥር ደቂቃ። አዲሱ ቅጽ ተከፈተና አዲሷ ጥያቄ ወጣች። ኦቦ አብዱናስር ጮክ ብለው አነበቧት። «የሞተ ከብት አለ? ስንት?» ከዚያ ቀና ብለው ተቀምጦ የነበረውን ሰው በኦሮምኛ ጠየቁ። ሰው ሁሉ በየተራው ተናገረ። ሁለት። አንድ። አራት። ዙህራ «አራት፤ ሁለት ቀርተውኛል» አለች። ወደ ኩሬው ማዶ አገጯን አንቀሳቀሰች። ኦቦ አብዱናስር በጣታቸው እየቆጠሩ ደመሩና ሠላሳ አንድ ብለው ሞሉ።

ከቀሩት አሥር ታብሌቶች በዚያን ቀን ያገኘሁት ሁለቱን ብቻ ነው። ሌሎቹን የያዙት ሰዎች ከብታቸውን እየነዱ ወደ አዋሽ በኩል ወርደዋል። ስልካቸውን ሞከርኩ። አንዱ አነሳልኝ። «ታብሌቱ አለ፣ ግን ቻርጅ የለውም። እኔም ያለሁበትን አላውቅም» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጭሮ ቢሮ ገብቼ ካርታውን ስከፍት ሚኤሶ ላይ ሦስት ቀይ ነጥቦች ወጥተዋል። በቀሩት ስምንት ቦታዎች አረንጓዴው እንዳለ ነው። አቶ ቶሌሳን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ሰኞ» አሉኝ። ሌላ ምን ሊሉኝ ይችላሉ?

ዓርብ ከሰዓት ኢያኤል ደወለ። የወረፋውን ዕድሜ ማርዘም ተከልክሏል። «ግን አንድ ነገር አድርጌአለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወረፋው ላይ የቀረውን ሳልነካ ገልብጬ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከታኅሣሥ ስምንት ጀምሮ ያለው ተርፏል። ከዚያ በፊት ያለው ግን…»

«አውቃለሁ።»

«ማክሰኞ ዕለት ማንንም ሳልጠይቅ ባደርገው ሌላ ሦስት ቀን ይተርፍ ነበር። ፈራሁ» አለ።

ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ 7፣ አሥራ ስምንት ቀን። ያ በቃ ጠፋ። ያን ቅዳሜና እሁድ እንደ ድንጋይ ተቀምጬ አሳለፍኩት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ስለ ዝናብ ሲጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ፣ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። እናቴ ክንዴን ይዛ «ጸልዪ እንጂ» አለችኝ። ምን ብዬ? ዝናቡ ቢመጣም ባይመጣም ማየት የማይችል ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ አቶ ቶሌሳ ቃላቸውን ጠብቀው ለሚኤሶ ሁለት ቦቴ ደለደሉ። ረቡዕ ታኅሣሥ 20 አንዱ ኦቦ አብዱናስር ቀበሌ ደረሰ። ሾፌሩ ሲመለስ ቢሮ መጥቶ «ሰው እኮ የለም» አለን። ከሃምሳው አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሽማግሌዎችና ሴቶች ነበሩ የቀሩት። ሌላው ቅዳሜ ዕለት ተነሥቶ ሄዷል። ያለውን ሮቶ ሞልቶላቸው፣ የተረፈውን ደግሞ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሲያድል ዋለ። ቦቴውን ሲያይ የሚሮጥ ሰው አላጋጠመኝም ብሎ ተገረመ። «ተቀምጠው ነው የሚያዩኝ» አለ።

ግምገማው አለፈ። ሁለቱንም ማኅተም የሚቀበል፣ የተቀመጠውንም ድምር የማይረብሽ ነገር ጽፌ፣ ስድስት ጊዜ ሞክሬ ጨርሼ ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን ኢያኤል ጫነው። ከዚያም ገልብጦ ያስቀመጣቸውን መልእክቶች በተራ ለቀቃቸው። እኔ ጭሮ ሆኜ ስክሪኑ ላይ ሲከፈቱ አያለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጥቂቶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ቁጥሮቹ ካርታው ላይ ፈሰሱ፣ ሚኤሶ ዓይናችን እያየ ቀይ ሆነች።

እኔ ቁጥሮቹን አላየሁም። ቅጹ መጨረሻ ላይ ያለችውን «አስተያየት» የምትል ቦታ ነበር የማነበው። ሌሎቹ ተመልካቾች ባዶ ይተዋታል። ኦቦ አብዱናስር አንድም ቀን ባዶ አልተዉአትም።

ታኅሣሥ 8፦ «ኩሬው ጭቃ ነው። ላም ገብታ ተያዘች። በገመድ አወጣን።»

ታኅሣሥ 9፦ «ፓምፑን መቶ ጊዜ ገፋሁት። አየር ነው።»

ታኅሣሥ 10፦ «ዛሬ ለመቅዳት የመጣ ሰው የለም። ለምን ይመጣል።»

ታኅሣሥ 11፦ «ሰኞ ነው። ዛሬ ስብሰባ አላችሁ። ታዩታላችሁ ብዬ ለሰው ነግሬአለሁ። እንዳታሳፍሩኝ።»

ታኅሣሥ 12፦ «ለፌኔት ደወልሁ። አየዋለሁ ብላለች።»

ታኅሣሥ 13፦ «ፌኔት እየመጣች ነው። ውሃ የለም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት በአዲሱ ቅጽ የመጡት ናቸው፣ እነሱን አይቻቸዋለሁ። ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄጄ በሩን ዘጋሁና ቆምኩ። ውሃ ተቋርጦ ስለነበር ፊቴን የምታጠብበት አልነበረም።

ከገና በኋላ የግምገማው ሪፖርት ወጣ። አቶ ቶሌሳ ከመላካቸው በፊት አሳዩኝ። ሚኤሶን በሚመለከት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። «በኅዳርና ታኅሣሥ በኔትወርክ ችግር ምክንያት ከሚኤሶ መረጃ ተቆራርጦ ደርሷል» ትላለች።

«አልተቆራረጠም» አልኩ። «ኔትወርኩም ሠርቷል። ሁሉም ደርሶ ነው የዘለልነው። እባክዎን እንዲህ ብለው ይጻፉት። ስሜን ይጻፉት።»

«ስምሽን ብጽፍ ለማን ይጠቅማል?»

«እውነት ነዋ!»

አቶ ቶሌሳ ወረቀቱን አጠፉት። «ስምሽን ከጻፍኩ አንቺን ያባርራሉ። አንቺን ብቻም አይደለም፣ ይሄን ሥራ ይዘጉታል። ስድስቱ ቦቴዎች ደግሞ በዚህ ሥራ ስም ነው የሚመጡት። እኔ ስድስት ቦቴ አልጥልም፣ ልጄ።» ሪፖርቱ እንደነበረ ሄደ።

በሳምንቱ ለኦቦ አብዱናስር ራሴ ልንገራቸው ብዬ ሚኤሶ ወረድኩ። ቀበሌው ዝም ብሏል። ዙህራ ልጆቿንና አህያዋን ይዛ ወደ አዋሽ ሄዳለች አሉኝ፤ ላሞቹ አልተነሡም። የኦቦ አብዱናስር ባለቤትም በደሳ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄደዋል። እሳቸው የቀሩት ለታብሌቱ ነው። «ሥራ ነው፣ ማን ይልከዋል?» አሉኝ።

ሁሉንም በኦሮምኛ አስረዳኋቸው፣ ከማኅተሙ ጀምሬ እስከ ሦስቱ መስመሮች። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ማሽኑ ነው እንግዲህ» አሉ።

«ማሽኑን ‹ዝለል› ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ኦቦ አብዱናስር።»

ከዘራቸውን አቧራው ላይ ወዲያና ወዲህ አደረጉ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲቆጡም ፈልጌ ነበር።

«ከስምንት በፊት ያሉት ተገኙ?»

«አልተገኙም። ምን ብለው እንደጻፉ ያስታውሳሉ? ቢነግሩኝ እጽፈዋለሁ።»

ማስታወሻዬን አወጣሁ። ግንባራቸውን ይዘው አሰቡ። አንዱን ቀን አስታወሱ፤ አንድ ሕፃን ታሞ በአህያ ወደ ሚኤሶ የተወሰደበትን። ሌላ ለማስታወስ ሞከሩ፣ ቀኑ ተቀላቀለባቸው። ያንኑ ሕፃን መልሰው ነገሩኝ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ።

«አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ግን» አሉ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «እኔ ለማን ነበር የምናገረው?»

ማስታወሻዬን ዘጋሁ። ወደ ከተማ የሚመልሰኝ ሞተር ብስክሌት እስኪመጣ ድረስ ዋርካው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ቆየን።